የደም ማቅጠኛ መድኃኒትና የጀማሪ ነርስ ፍርሃት

ውድ ጠያቂያችን፣ የነርሲንግ ትምህርትዎን ለማጠናቀቅ ጥቂት ወራት እንደቀሩዎትና የደም ሥር ሕሙማን በሚታከሙበት ክፍል መሥራት እንደሚፈልጉ፣ ይሁን እንጂ በተግባር ልምምድ ላይ ሄፓሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መጠን ሲያሰሉ እጅዎ ስለተንቀጠቀጠ «ይህ ሥራ ለእኔ አይሆን ይሆን?» ብለው እንደተጨነቁ ጽፈውልናል። ፍርሃትዎ ከዚህ መስክ ሊያስቀርዎት ይገባል ብዬ አላምንም። ሄፓሪን በአንድ ሚሊ ሊትር 1,000 ዩኒትም 5,000 ዩኒትም ሆኖ በተለያየ ጥንካሬ ስለሚመጣ፣ ይበልጥ የሚያሰጋኝ የብልቃጡን ጽሑፍ ደግሞ የማያነብ፣ ስሌቱንም በሁለተኛ ነርስ የማያስረጋግጥ ሰው ነው።

ስሌቱ በልምምድ ይመጣል። ጊዜዎን በብዛት እንዲሰጡበት የምመክርዎ «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ነው። በእግሩ ጥልቅ ደም መልስ ውስጥ ደም ለረጋበት ሕመምተኛ ሄፓሪንና ሌላው የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን አብረው ሲሰጡ ቢያዩ፣ ሁለቱ ስለምን እንደተደረቡ ለሕመምተኛው ማስረዳት ይችላሉ? ዋርፋሪን ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ አንዳንድ የደም ማርጊያ ፕሮቲኖችን እንዳይሠራ ያግዳል እንጂ ቀድሞ በደም ውስጥ ያሉትን አያጠፋም። እነርሱ እስኪያልቁ ቀናት ስለሚወስድ፣ ሄፓሪኑ ቢያንስ ለ5 ቀናት፣ አይኤንአርም (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው የምርመራ ውጤት) 2 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ቢያንስ ለ24 ሰዓት እስኪጸና ድረስ ይቀጥላል። ይህን የተረዳ ነርስ ሄፓሪኑ በ3ኛው ቀን እንዲቆም ታዝዞ ቢያገኝ ሳይጠይቅ አያልፍም። ሄፓሪን ከተጀመረ ከ5 እስከ 10 ባሉት ቀናት የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ የደም ሕዋሳት) ቁጥር በግማሽ ሲወርድ ደግሞ መድማትን ብቻ አይጠብቅም፤ መድኃኒቱ ራሱ አዲስ መርጋት ሊያስከትል እንደሚችል ስለሚያውቅ ወዲያውኑ ለሐኪሙ ያሳውቃል።

የመውጫ ትምህርቱንም አቅልለው አይዩት። ዋርፋሪን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ጥቁር ሰገራ ወይም የማያቆም የድድ መድማት ሲያይ፣ ጭንቅላቱንም ሲመታ ሳይዘገይ መታየት እንዳለበት፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ በራሱ ፈቃድ መውሰድ እንደሌለበት፣ ቫይታሚን ኬ ያለበትን ቅጠላ ቅጠል ከመተው ይልቅ የሚመገበውን መጠን ሳይለዋውጥ መቀጠል እንደሚበጀው ከእርስዎ አፍ ሊሰማና በራሱ ቃል መልሶ ሊነግርዎ ይገባል።

እስከ ምረቃዎ ድረስ የደም ማቅጠኛ ክትትል ክፍል ባለበት ቦታ የልምምድ ቀናት እንዲሰጡዎት አስተማሪዎን ይጠይቁ። በሥራ ቃለ መጠይቅም እጅዎ የተንቀጠቀጠበትን ቀን አይደብቁ። ያን ጊዜ ብልቃጡን አስቀምጠው ማንን እንደጠሩና ስሌቱን እንዴት እንዳረጋገጡ በዝርዝር ይንገሯቸው፤ ሳያረጋግጡ ሰጥተው ከነበረም ዛሬ ምን እንደሚያደርጉ በግልጽ ይናገሩ።