«ኪርያላይሶን ግዕዝ ነው እንዴ?» ላልሽው

እህቴ፣ በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ የምንላት «ኪርያላይሶን» ግዕዝ ናት ወይ፣ ትርጉሟስ ምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሻል። መቼም ለማኅበር ካናቴራ ልታሳትሚ ነው። እኔ ከድሬ ልንገርሽ፤ በገዛ ብሬ የተማርኩት ነው።

1. ግዕዝ አይደለችም፣ ግሪክ ናት። «ኪርዬ» ጌታ ሆይ፣ «ኤሌይሶን» ማር ማለት ነው። በአፍ ሲፈጥን አንድ ላይ ገጠመ። ማቴዎስ 17፥15 ላይ ያ አባት «ጌታ ሆይ፥ ልጄን ማርልኝ» ሲል፣ የግሪኩ ወንጌል ላይ ያለው ይኸው ቃል ነው።

2. «አውቃለሁ» ያለሽን ሁሉ አትመኚ። እኔን አንዱ «ክርስቶስ ተነሣ ማለት ነው» አለኝ። ላጣራ ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «አንተ ዝም ብለህ ስገድ» አለኝ። አቦ፣ ደሜ ፈላ! በንዴት ወጥቼ ከዚራ ሰፈር 40 ካናቴራ አሳተምኩ። ፊቱ ላይ «ኪርያላይሶን»፣ ጀርባው ላይ «ክርስቶስ ተነሣ»። ለስቅለት! በዚያ ሙቀት ነጠላችንን ወገባችን ላይ አደግድገን በተደፋን ቁጥር ጀርባችን ትንሣኤን ያውጃል። የኔታ ወይራቸውን እንደያዙ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ሁለት ቀን ቀደምክ» አሉኝ። እስካሁን ጓደኞቼ «ሁለት ቀን» ነው የሚሉኝ።

3. ጎረቤት ጠይቂ። የኛ ሰፈር እማማ በልጅነታቸው ግሪክ ሱቅ ተቀጥረው ነበር። ድሬ በባቡሩ ዘመን ግሪኩም አርመኑም ነበረባት። ካናቴራውን አይተው በሳቅ ሞቱ። «ኪርዬ እኮ አሠሪዬን የምጠራበት ነው፤ ጌታው እንደማለት!» እኔ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት መልሱ አጥር ተሻግሮ ቡና ያፈላል።

ከኪርያላይሶን ጋር የምንላት «እብኖዲ»ም ግዕዝ እንዳትመስልሽ። የግብፆቹ ቅብጥ ነው፣ አምላክ ማለት። «ታኦስ»ም አምላክ ነው፣ ግን በግሪክ። «ማስያስ» መሲሕ። እስከ 1943 ዓ.ም ድረስ ሊቀ ጳጳሳችን ከእስክንድርያ ነበር የሚመጣልን፤ ቋንቋው አብሮ ቢመጣ ምን ይገርማል? የስቅለቷ «አምንስቲቲ ሙኪርያ»ም ወንበዴው በቀኝ ተሰቅሎ «ጌታ ሆይ አስበኝ» ያለው ነው። «ኪርያ»ዋን እዚያም አየሻት?

ካናቴራዎቹን ለፋሲካ ሌሊት ለበስናቸው፣ ያኔ ጀርባው ልክ ሆነ። አንቺ ግን ጽሑፉን ከማሳተምሽ በፊት እዚህ ለጥፊው፣ አይልሻለሁ።