ማቃጠሉ ቢተውዎትም መድኃኒቱን አያቋርጡ
ውድ ጠያቂ፣ በባክቴሪያ ለሚመጣውና በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሚተላለፈው የክላሚዲያ በሽታ የታዘዘልዎትን የ7 ቀን ዶክሲሳይክሊን (ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት)፣ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥልዎት የነበረው ስለተወዎት በ4ኛው ቀን ማቆም ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አያቁሙ። ይህ ባክቴሪያ በሰውነት ሴሎች ውስጥ ተሸሽጎ ቀስ እያለ የሚራባ በመሆኑ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ሊቆይ ስለሚችል፣ ባለ 100 ሚሊግራሙን እንክብል ጠዋትና ማታ እየወሰዱ 7ቱን ቀን መጨረስ ይኖርብዎታል። እንክብሉን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡት፤ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ክፉኛ ስለሚያቆስል፣ እንደዋጡ ወዲያው ጋደም አይበሉ። የጨጓራ አሲድ ማርከሻም አብረው አይውሰዱ፤ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። እርጉዝ ከሆኑ ግን የሚመረጠው ሌላ መድኃኒት ስለሆነ ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ በጥያቄዎ ያላነሱት የፍቅር ጓደኛዎ ጉዳይ ነው። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ስለማያሳይ፣ ጓደኛዎ ጤነኛ ነኝ ብለው ሳይታከሙ ከቀሩ በሽታው ተመልሶ ይይዝዎታል። ስለዚህ ሁለታችሁም ሕክምናውን እስክትጨርሱ ድረስ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ታቀቡ፤ እንክብልዎንም አያካፍሉ፣ ለጓደኛዎ የራሳቸው ሙሉ መድኃኒት ይታዘዝላቸው። ከ3 ወር በኋላም እንደገና ይመርመሩ።