በረዶውን ከበርሜሉ አውጣ

ወርቅ የሚሠራ አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «15 ኪሎዋት የሚል የኢንዳክሽን ማቅለጫ አለኝ። ውሃው ከ60 ሊትር በርሜል በፓምፕ ነው የሚዞረው። ሁለት ዓመት ሳያስቸግረኝ ሠርቷል። አሁን ግን ሦስተኛውን ዙር ሳልጨርስ የሙቀት አላርሙ ይጮህና ይጠፋል። በረዶ ስጨምርበት ትንሽ ይሻለዋል። ፓምፑን ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ፓምፑን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ በረዶውን አውጣ። ከፍሪጅ የወጣ የቢራ ጠርሙስ እንዴት እንደሚያልበው ታውቃለህ አይደል? አይጂቢቲው (ኤሌክትሪኩን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋው የማሽኑ ክፍል) የታሰረበት ብረትም ከክፍሉ አየር በጣም የቀዘቀዘ ውሃ ካለፈበት እንደዛው ያልበዋል፣ በተለይ በክረምት፤ እዚያ ደግሞ 220ው ወደ ዲሲ ተቀይሮ 310 ቮልት አካባቢ ሆኗል። ሾርት ለማድረግ አንድ ጠብታ ትበቃለች።

ሁለት ዓመት ሠርቶ አሁን ካስቸገረ እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ኮይሉም (ውሃ የሚያልፍበት የተጠመዘዘው የመዳብ ቱቦ) ውስጥ ይጋገራል። ቀዳዳውን ያጠባል፣ ሙቀትም አያሳልፍም። ለማረጋገጥ ጀሪካን እና የስልክህ ሰዓት ይበቃሉ። ውሃውን ወደ በርሜሉ የሚመልሱትን ጎማዎች አንድ በአንድ ጀሪካን ውስጥ ክተትና በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሰጡ ለካ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ የተደፈነው እሱ ነው። ማሽንህ ስሙ 15 ይሁን እንጂ በ220 ቮልት 32 አምፔር የሚስብ ከሆነ የሚወስደው 7 ኪሎዋት ነው (ሻጮች እንዲህ ናቸው)። ግማሹ ውሃው ላይ ያርፋል ብንል፣ በደቂቃ በድምሩ 7 ሊትር ሲዞር ውሃው በ7 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይወጣል። 2 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን በ25።

ለማጠብ ሲትሪክ አሲድ ግዛ። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም በጥብጥ። ማሽኑን አጥፍተህ በፓምፑ ብቻ አንድ ሰዓት አዙረው፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ደጋግመህ አለቅልቅ። አቼቶም ይሠራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። የባትሪ አሲድ ሞክር የሚልህን አትስማ! ስትጨርስ የቧንቧ ውሃ አትመልስ፣ ባትሪ ላይ የሚጨመረውን ዲስትልድ ውሃ ሙላ። በርሜሉ ብረት ከሆነ በፕላስቲክ ቀይረው፣ ዝገቱ ተመልሶ ይደፍነዋል።

ደግሞ በርሜልህ ትንሽ ነው። ሁሉም ንጹህ ቢሆን እንኳ 60 ሊትር ውሃ በዚህ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ውስጥ 25 ዲግሪ ይጨምራል። ወይ 200 ሊትር አድርገው፣ ወይ በመመለሻው ላይ ራዲያተር ከነቬንትሌተሩ ግጠም። የድሮ መኪና የመዳብ ራዲያተር ካገኘህ እሰየው። አሉሚኒየሙን ተው፣ ከመዳብ ኮይል ጋር አንድ ውሃ ሲጋሩ አሉሚኒየሙ ይበላል።

ይህን ሁሉ አድርገህ የሚመለሰው ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ አላርሙ አሁንም ከጮኸ፣ አይጂቢቲው ሥር ያለው ሙቀት አሳላፊ ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ብሬከሩን አውርድ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ባዶ መሆኑን በሜትር ሳትለካ እጅህን አታስገባ።