«እማዬ፣ ወጠረኝ»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ ነው የምሠራው። ትዕግሥቴ አልቋል። ከሠርጌ ጀምሮ ሹሩባ ላይ ሂውማን ሄር ሳሰፋ ኖሬአለሁ። አሁን ግንባሬና ከጆሮዬ በላይ ያለው ሳስቶ ሳስቶ መላጣ ሆኗል። ሰው ግን አያሳርፈኝም። የባሌ እህት በመጣች ቁጥር «ቅቤ ተቀቢ» ትለኛለች። ስንት ኪሎ እንደጨረስኩ አታውቅም። የቢሮ ልጆች «ዊግሽ ያምራል» ይሉኛል፣ ዊግ መሆኑን እንዳወቁ እንድረዳ ነው። ባለፈው ለቅሶ ቤት ነጠላዬ ሲንሸራተት ያቺው የባሌ እህት ሰው ፊት «ውይ! ራስሽ እንዲህ ሆነ?» አለች። ደግነቱ ለቅሶ ቤት ነው፤ ሳለቅስ ማንም አልገረመውም።

ፀጉር ቤት መሄድ ትቻለሁ። የምገባው ቅዳሜ ቅዳሜ የ7 ዓመት ልጄን ሹሩባ ለማሠራት ብቻ ነው፣ ፒያሳ። «እማዬ፣ ወጠረኝ» እያለች ትነጫነጫለች፤ ሲያልቅ ግን ታምራለች።

ባሌ ራሴን ካየ ሁለት ዓመት ሞላው። ሻሽ አስሬ ነው የምተኛው። ላሳየው ወይስ እንዲሁ ልቀጥል?

ሻሽ አሳሪዋ

የኔ እህት፣

የባልሽን እህት ለጊዜው ተያት። ያስደነገጠችኝ ልጅሽ ናት። «ትነጫነጫለች» ብለሽ አለፍሻት። እየነገረችሽ እኮ ነው!

ግንባርና ከጆሮ በላይ የሚጀምር መመለጥ ብዙ ጊዜ ከመወጠር ይመጣል። ጥብቅ ሹሩባ ሥሩን ሲጎትተው ይከርማል። ቶሎ ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል። ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፤ ያኔ የሸኖ ቅቤ ብታፈሺበትም አይበቅልም። እኔም በልጅነቴ ለፋሲካ ተሠርቼ ሁለት ሌሊት ትራስ እንቢ ብሎኛል። እናቴ «ቻይው፣ ይለምድሻል» አለች። አልለመደኝም።

ዛሬ ማታ ልጅሽን መብራት ሥር አቅርበሽ ግንባሯን እዪ። ፀጉሩ ሥር ብጉር መሳይ ነገር ካለ ሹሩባውን ወዲያው ፍቺው። ሠሪዋንም «አላልተሽ ሥሪ» በያት፤ ብትቆጣ ትቆጣ።

አንቺ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ ቢያዙልሽ አትገረሚ፤ እነሱም ፀጉር ያረግፋሉ።

ባልሽስ? ሁለት ዓመት አጠገብሽ ተኝቶ ያላወቀ ይመስልሻል? ያውቃል ባይ ነኝ። ዝም ያለው እንዳያሳፍርሽ ብሎ ይሆናል። የልጅሽን ሹሩባ ስትፈቺ አጠገባችሁ እንዲቀመጥ ጥሪው። የእሷን ስትጨርሺ ሻሽሽን ፍቺ።