ካንሰሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ስለ ራስ ምታቱ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ትንሽ፣ የምትታጠፍ የከሰል ሥጋ መጥበሻ ስለገዛ እሑድ እሑድ በረንዳ ላይ ዝልዝል እንጠብሳለን። ሲዘንብ ወደ ኩሽና እናስገባታለን። ጠብሰን ስንጨርስ በተረፈው ፍም ሳሎን ቡና እናፈላለን። በቅርቡ አጎቴ በአንጀት ካንሰር ሞተ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ከሰል ላይ የተጠበሰ ሥጋ ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እሑድ ማታ ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ዳይክሎፌናክና ኦሜፕራዞል ገዝቼ ስወስድ ሰኞ ይሻለኛል። ለቡና የምትመጣው እህቴም ጨጓራ ስላለባት እሷንም ያማታል። የካንሰር ምርመራ ላድርግ? ደግሞ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አጎትዎን ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ። የጠየቁኝ ስለ ካንሰር ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጉት ነገር ነው። ሳሎን የገባው ፍም፣ ከእህትዎ ጋር እኩል የሚነሳው ራስ ምታት፣ መጨረሻ ላይ “ደግሞ” ብለው የጨመሩት እርግዝና።

እንቅልፍ የነሳዎ ካንሰሩ ስለሆነ እሱን ቶሎ ልጨርሰው። በሳምንት አንድ ቀን የሚበሉት ዝልዝል እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር አይደለም። እሑድ መጥቶ ሰኞ የሚጠፋ ራስ ምታትም የአንጀት ካንሰር ምልክት አይደለም።

የሰሙት ወሬ ግን ጭራሽ መሠረት የለውም አልልዎትም። ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ሲል ጭሱ ብድግ ይላል፤ ያ ጭስ ተመልሶ ሥጋው ላይ ይለጠፋል። በውስጡ ለካንሰር የሚያጋልጡ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሥጋው በኃይለኛ ሙቀት ሲጠቁርም ሌሎች ይፈጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ቋሊማና ሞርታዴላ ያሉትን የተቀነባበሩ ሥጋዎች ካንሰር አምጪ ከሚባሉት መድቧቸዋል። ቀይ ሥጋን ደግሞ “ሳያመጣ አይቀርም” በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የሚበላ ሰው በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። “በየቀኑ” የሚለውን ልብ ይበሉልኝ። ደግሞም ከመቶ ሰው 18ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ ድሮም ትንሽ የነበረው ዕድል በዚያ መጠን ከፍ ይላል ማለት ነው።

ስለዚህ ስቡን ቀነስ ያድርጉት፤ ሥጋውን ቶሎ ቶሎ ያገላብጡት፤ የከሰለውን ጫፍ ቆርጠው ይጣሉት። ቀደም ብለው በሎሚና በጥብስ ቅጠል ቢያሹት ጎጂው ነገር ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ያምራል። ከሰሉን በላስቲክ ማቀጣጠል ይቅር። ካንሰር ፈራሁ ብለው ደግሞ ለብ ለብ አድርገው እንዳይበሉ፤ ውስጡ ድረስ ይብሰል። የኮሶው ነገር ሳያንስ፣ በእርግዝና ጊዜ ጽንስ የሚጎዳ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ካልበሰለ ሥጋ ይገኛል። የአንጀት ምርመራውን በተመለከተ፣ ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ የሰገራዎ ሁኔታ ተለውጦ ለሳምንታት ከቆየ፣ ወይም ያለ ምክንያት ከከሱ ይምጡ። የአጎትዎንም ነገር ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከዚህ ውጪ ዛሬ የሚያስሮጥ ነገር የለም።

የሚያስሮጠው ፍሙ ነው።

“ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም፣ ይግባ።” ይህን አባባል የማያውቅ ቤት የለም። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ፍሙ ቀልቶ ላዩን ነጭ አመድ ይለብሳል። ያኔ “ጨርሷል” ይባልና ጀበናው ይጣድበታል። በሩ ይዘጋል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ እስከ በረካ ወሬው ይደራል። ጭስ ቢሆን እኮ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አያስል። ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላም ይወጣል። አመድ ለብሶ ቀስ እያለ ሲከስም አየር ስለሚያንሰው አሁንም ያመነጨዋል። እናንተ “አሁን አይጎዳም” ብላችሁ የምታስገቡት ልክ በዚያን ሰዓት ነው።

ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ደሙ አለ፣ ልብ ይመታል፣ ኦክስጅን ግን ቦታ አጥቷል። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ መደንዘዝ፣ ጉልበት መክዳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። እንቅልፉ ነው ክፉው። ብርድ በመጣ ቁጥር ማንደጃ አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦችን ዜና የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

በምን ይታወቃል? በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ሰው በላይ ራሱን ካመመው፣ ውጭ ወጥቶ ሲቆይ ወይም ሲያድር ደግሞ ከተሻለው፣ ሌላ ነገር ከመጠርጠርዎ በፊት ከሰሉን ይጠርጥሩ። እህትዎ ጨጓራ አለባት ብለዋል። እሑድ እሑድ ብቻ፣ እናንተ ሳሎን ስትቀመጥ ብቻ የሚነሳ ጨጓራ እኔ አላውቅም።

ፍሙ ላይ ጨው ብንነሰንስበትስ? ሎሚ ብንጥልበት? ውሃ በሳህን አጠገቡ ብናስቀምጥ? መስኮቱን ገርበብ ብናደርገውስ? ሁሉንም በየጊዜው እጠየቃለሁ። ጨውም ሎሚም ውሃም ጋዙን አያስቀሩትም። ገርበብ ያለ መስኮት ውሸተኛ መተማመኛ ነው። “ወተት ይጠጣ” የሚባለውም ከደም ውስጥ ጋዝ አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ከሰጡት ደግሞ ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ አደጋ ያመጣል። ከኮቪድ ወዲህ በየቤቱ የገባው ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም እዚህ ላይ ይዋሻል። ጋዙን የያዘውን ደም ኦክስጅን እንደያዘ ቆጥሮ 98 ሊያሳይዎት ይችላል። መድኃኒቱ ንጹሕ አየር ነው፣ ሐኪም ቤት ደግሞ በጭምብል የሚሰጥ ኦክስጅን። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይበቃዋል።

አሁን “ሰኞ ይሻለኛል” ያሉት ይገባዎታል። ጋዙ ሌሊቱን በራሱ ጊዜ ወጣ፤ ምስጋናውን ኪኒኑ ወሰደ።

ስለ ኪኒኑ ግን ልቆጣዎ ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ዳይክሎፌናክ በራሷ ገዝታ ትውጣለች? ሲገዙ ነፍሰ ጡር መሆንዎን ተናግረዋል? ይህ መድኃኒትና ዘመዶቹ፣ አይቡፕሮፌንን ጨምሮ፣ ከ20ኛው ሳምንት ወዲያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። የጽንሱን ኩላሊት ይነካሉ፣ የሽርት ውሃውን ይቀንሳሉ። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ልቡ አጠገብ ያለ አስፈላጊ የደም ሥር ያለጊዜው እንዲጠብ ያደርጋሉ። የእርስዎንም ጨጓራ ይልጣል፤ ከዚያ ጨጓራውን ለማስታገስ ኦሜፕራዞል ይጨምሩበታል። ሰፈር ውስጥ ፋርማሲ ስላለ ብቻ እንዲህ አይደረግም! እስካሁን የወሰዱት አልፎ አልፎ ስለሆነ ግን አይሸበሩ፤ ዛሬ ያቁሙት። ራስዎን ካመመዎ ለእርግዝና የሚሻለው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም ቢሆን ለከሰል ራስ ምታት መሸፈኛ አይሁን።

ጽንሱ ነገሩን ያከብደዋል። ጋዙ በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል፤ ከእናቱ ይልቅ በጽንሱ ደም ውስጥ ብዙ ይቆያል። እርስዎ በራስ ምታት ብቻ ሲያልፉት እሱ የበለጠ ሊቸገር ይችላል። ይህን የጻፍኩት ላስፈራራዎ ብዬ አይደለም። ፍሙ ዛሬ ከቤት ከወጣ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ጉዳት የለም፤ ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ ሲታይም ደህና ሆኖ ይገኛል። ሆኖም “እስኪ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ልጠብቅ” እንዳይሉኝ።

ነገ ጠዋት ክትትል ወደሚያደርጉበት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። “ከሰል ቤት ውስጥ እንጠቀማለን፣ ከዚያ በኋላ እኔንም እህቴንም ያመናል” ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። ዝም ብለው “ራሴን ያመኛል” ካሉ ደም ግፊት ለክተው ይሸኙዎታል። የደም ግፊቱም መለካት አለበት፤ በእርግዝና ጊዜ ራስ ምታት ሲባል እሱ አይታለፍም። የወሰዱትን ኪኒን ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ። በዚህ መሀል ሰው ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግራ ከተጋባ ወደ ውጭ አውጥታችሁ በ907 ወይም በ939 አምቡላንስ ጥሩ። የወጣው ሰው ቢነቃና “ደህና ነኝ” ቢልም ሐኪም ሳያየው አይቅር።

ባለቤትዎን መጥበሻዋን ጣላት አልላቸውም። ታች ግቢ፣ ከመስኮትና ከደረጃ መግቢያ ራቅ ብሎ ይጠበስ። በረንዳውም ቢሆን ሳሎን በሩ ተከፍቶ ከሆነ ጋዙ ይገባል። ዝናብ ከመጣ የዚያን ቀን ጥብስ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን፤ ቡናውም እንደዚያው። የተረፈው ፍም እዚያው ውጭ ውሃ ተደፍቶበት በደንብ ይጥፋ፤ “ነገ ይጠቅማል” ተብሎ በአመድ ተዳፍኖ አይግባ። እህትዎ ደግሞ ከሰል በሌለበት እሑድ መጥታ ቡና ትጠጣ። ያኔም ካመማት ጨጓራዋ ይመርመር።