ደባልነትና የኪራይ ውል

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፤ የምኖረው ደሴ ነው። ለገሃር አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ስለተቀጠርኩ በቅርቡ ወደማላውቃት አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ለጊዜው የማርፈው ኮልፌ ከሚኖሩት አክስቴ ዘንድ ነው። ደመወዜ ብቻዬን ቤት ለመከራየት ስለማይበቃ በቴሌግራም ሳፈላልግ ሁለት አማራጭ አገኘሁ። አንድ ደላላ አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር የምጋራው ቤት እንዳለ፣ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ እንደሚፈልጉ ነግሮኝ፣ ቤቱ እንዳያመልጠኝ ቀብዱን ከወዲሁ በቴሌብር እንድልክለት ጠየቀኝ። በሌላ በኩል ጀሞ ባለ ሁለት መኝታ ቤት የተከራየች ልጅ ግማሹን እየከፈልኩ አብሬያት እንድኖር ጋብዛኛለች፤ ውሉ ግን በእርሷ ስም ብቻ ነው። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ቀብዱን አይላኩ። ቤቱን በዓይንዎ ሳያዩ፣ አከራዩ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ውክልና ያላቸው ሰው መሆናቸውን ከሰነዱ ሳያረጋግጡ የሚከፈል ገንዘብ፣ ደላላው ከጠፋ አብሮት ይጠፋል። የስድስት ወሩ ቅድሚያ ክፍያም ሕግ የሚፈቅደው አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል ያዛል። ውሉ ላይ አነስተኛ ዋጋ አስጽፈው ቀሪውን በእጅ የሚቀበሉ አከራዮች ስላሉ፣ በወረዳው የሚመዘገበው ዋጋ በእርግጥ ከሚከፍሉት ጋር አንድ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ክርክር ቢነሳ በእጅ የሰጡትን የሚመሰክርልዎት ወረቀት አይኖርም።

የጀሞዋ ልጅ ግብዣ በእኛ አስተያየት የተሻለ ቢሆንም፣ አሁን ባለበት መልኩ አይቀበሉት። ስምዎ ውሉ ላይ ከሌለ ለአከራዩ እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ ልጅቷ ብታገባ፣ ሥራ ብትቀይር ወይም ከአከራዩ ጋር ብትጣላ፣ ኪራይዎን በወቅቱ ሲከፍሉ ቢቆዩም ዕቃዎን ይዘው ለመውጣት ሊገደዱ ይችላሉ። ስለዚህ አከራዩ ባሉበት ሁለታችሁም ተከራይ ተብላችሁ የምትጻፉበት ውል እንዲዘጋጅ ይጠይቁ። አከራዩ ደባል መግባቱን ጨርሶ የማያውቁ ከሆነ ወይም ልጅቷ ጥያቄውን በሰበብ የምታልፈው ከሆነ፣ ያንን ቤት መተው ይሻላል።

መንገዱን በሚመለከት፣ ቀላል ባቡሩ ከአያት ተነስቶ በለገሃር ስለሚያልፍ አያት በካርታ ላይ የሚመች ይመስላል፤ ይሁንና ባቡሩን ቆሞ መጠበቁንና ግፊያውን ካርታው አያሳይም። ወደ ጀሞ ደግሞ ባቡር የለም። አክስትዎ ዘንድ ማረፊያ ስላለዎት መቸኮል አያስፈልግዎትም፤ በአንድ የሥራ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀሞ ተገኝተው ለገሃር አጠገብ ወዳለው ሜክሲኮ አደባባይ የሚሄደውን የታክሲ ሰልፍ ቆመው ይሞክሩት። ቤቱንም ያኔ ይዩት፤ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና እስከዚያ ፎቅ ይደርስ እንደሆነ ከአከራዩ ይልቅ ጎረቤት ይጠይቁ። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ማመላለስ ከኪራዩ ቅናሽ በላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙዎች አፍረው የሚያልፉት፣ ከደባል ጋር የሚደረገው ንግግር ነው። ደባሎችን የሚያጣላው አብዛኛውን ጊዜ ኪራዩ ሳይሆን ማዕድ ቤቱ ነው። አንዷ ጿሚ ሌላዋ የማትጾም ብትሆን፣ ወይም ሃይማኖታችሁ የተለያየ ሆኖ ሥጋው ቢለያይ፣ ድስትና መክተፊያ የጋራ ይሁን ወይስ የየግል? የመብራት ካርዱን ማን ይሞላል? ወንድም ወይም እህት ከአገር ቤት ሲመጣ ስንት ቀን ማደር ይችላል? እነዚህን ከመግባትዎ በፊት ሻይ እየጠጡ ቢጠይቋት ነውር የለውም፤ የምትሰጠው መልስም ስለ ጠባይዋ ብዙ ይነግርዎታል።

ከአከራዩ ጋር ከሚደረገው ውል ሌላ፣ በሁለታችሁ መካከል አንድ ገጽ ስምምነት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ከሁለት አንዳችሁ ቀድማ የምትወጣ ከሆነ ከስንት ጊዜ በፊት እንደምታሳውቅ፣ ተተኪ ደባል ማን እንደሚፈልግ፣ በቅድሚያ የከፈለችው ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስላት፣ ፍሪጁና የኤሌክትሪክ ምጣዱ የማን እንደሆኑ ሳይቀር ይስፈርበት።