ዘጠነኛ ክፍል ባንድ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አሁን ስምንተኛ ክፍል ነኝ። የሃይስኩል ኮርስ መምረጫ ቅጽ ተሰጥቶናል። ባንድ ገብቼ ሳክስፎን መማር በጣም ነው የምፈልገው። ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ከመምታት በቀር መሣሪያ ነክቼ አላውቅም። ኖታም አላነብም። አባቴ ‹አሜሪካ ያመጣሁሽ አዝማሪ ልትሆኚ ነው?› ይለኛል። እሱ ነርስ እንድሆን ነው የሚፈልገው፤ እኔም ነርስነቱን አልጠላሁትም። ማታ ማታ ደግሞ እናቴ ሥራ ስለምትገባ ታናሽ ወንድሜን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ባንድ ብገባ ለወደፊት ሥራዬ ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?»

መልስ፦ ግቢ። ግን «አንድ ዓመት ሞክሬ ልየው» ብለሽ አትግቢ። የመጀመሪያው ዓመት ልፋት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከንፈር ይዝላል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ አጠገብሽ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ ከአራተኛ ወይም ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሲነፋ የኖረ ነው። ደስ የሚለው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ የሚወጣ ልጅ ልፋቱን ከፍሎ፣ ደስታውን ለሌሎች ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ምርጫሽን ሁሉ አራቱን ዓመት መቆየት በሚያስችልሽ መንገድ አድርጊው። የምጽፍልሽም ይህንኑ አስቤ ነው።

በመጀመሪያ አባትሽ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። መሣሪያ በመጫወት ብቻ ቋሚ ደሞዝ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው። እዚያው አጠገባችሁ ዋሽንግተን ውስጥ በ1798 የተቋቋመው የአሜሪካ ማሪን ጦር ባንድ አለ፤ ዋይት ሀውስ የሚጫወተው እሱ ነው። የምድር ጦሩም በ1922 የተቋቋመ የራሱ ባንድ አለው። ደሞዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ጡረታ፣ ሁሉም አላቸው። ግን ወንበር የሚከፈተው አንዱ ሲወጣ ነው። ለዚያች አንድ ወንበር በኦዲሽን የሚወዳደሩት ደግሞ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሙዚቃ የተማሩ ናቸው። ከዚያ ይልቅ ሰፋ ያለው በር የሙዚቃ አስተማሪነት ነው። ዲግሪና የስቴት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከተገኘ በኋላ እንደማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ቋሚ ሥራ ነው። የመሣሪያ ጥገናም አለ፤ እጁ ለጥቃቅን ሥራ የሚታዘዝለት ሰው እንጀራ ይበላበታል። አንቺን ሊያስገርምሽ የሚችለው ግን ሙዚቃ ቴራፒ፣ ማለትም በሙዚቃ ሕሙማንን መርዳት ነው። ባለሙያዎቹ በሆስፒታልና በአረጋውያን መኖሪያ ከነርሶች ጎን የሚሠሩ ናቸው። ነርስነትን ላልጠላች ልጅ ይህን ማወቁ አይከፋም።

ይህን ሁሉ ያልኩሽ እንድታውቂው ብዬ ነው እንጂ ዛሬ እንድትወስኚ አይደለም። በአሥራ አራት ዓመትሽ የሕይወት ዘመን ሥራ ምረጪ ያለሽ የለም። ባንድ መግባት ነርስነትን አይዘጋብሽም፤ ባዮሎጂም ኬሚስትሪም በቦታቸው ናቸው።

ለአባትሽ መጀመሪያ የምትነግሪያቸው ነገር ይኼ ይሁን፦ ሜሪላንድ ውስጥ ሃይስኩል ለመጨረስ አንድ የሥነ ጥበብ ክሬዲት ግዴታ ነው። ሥዕል ይሁን ቲያትር ይሁን ሙዚቃ፣ አንዱን ሳትወስጂ ዲፕሎማ የለም። ባንድ ይህን ክሬዲት ይሞላል። ቢያንስ የዘጠነኛ ክፍሉ ባንድ ከምንም ነገር ላይ የተሰረቀ ጊዜ አይደለም ማለት ነው። አባቶች «ግዴታ ነው» የሚለውን ከ«ሕልሜ ነው» ይልቅ ቶሎ ይሰማሉ። እኔም አባት ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው የኮሌጅ ማመልከቻ ነው። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የሚባለው ቅጽ ላይ እስከ አሥር የሚደርሱ እንቅስቃሴዎች መጻፊያ ቦታ አለ። ለእያንዳንዱ በየትኛው ክፍል እንደተሳተፍሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጠይቃል። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ የተሞላች አንዲት መስመር፣ እዚህም እዚያም ከተነካኩ አምስት ክበቦች ትበልጣለች። ሌላም አለ። የሂሳብ አስተማሪሽ በየዓመቱ ሊቀያየር ይችላል። የባንድ ዳይሬክተሩ ግን አንቺን አራት ዓመት ሙሉ ሊያይሽ ይችላል፦ ስትሳሳቺ፣ ስትሻሻዪ፣ ታናናሾችን ስታስተምሪ። ኮሌጆች የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁ ዋናውን ከእንግሊዝኛ፣ ከሂሳብ ወይም ከሳይንስ አስተማሪ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ተጨማሪ ደብዳቤ ከተፈቀደ ግን እንደ ባንድ ዳይሬክተር አስረግጦ የሚጽፍልሽ አታገኚም። አንዳንድ ኮሌጆች ደግሞ ሙዚቃ ለማያጠና ተማሪም ቢሆን ባንዳቸው ውስጥ ስለተጫወተ ብቻ የተወሰነ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ነርሲንግ እየተማርሽ ማለት ነው።

ስለ አዝማሪው ነገር ደግሞ ክርክር አትግጠሚ፤ አሰሚያቸው። የጌታቸው መኩሪያን ሽለላ በሳክስፎን ክፈቺላቸው። በአባትሽ ዕድሜ ያለ ሰው ያንን ሰምቶ ፊቱ ሳይፈታ አይቀርም። ከፈለጉ ታሪኩንም ንገሪያቸው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ቤተ መንግሥት ውስጥ የነፉት የናስ መሣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት፣ ሁሉም የየራሱ የሙዚቃ ክፍል ነበረው። ደንብ ልብስ ለብሰው፣ ኖታ እያነበቡ ነው የሚጫወቱት። (አዝማሪነትም ቢሆን ነውር አልነበረም፤ እሱን ግን ሌላ ቀን እናውራው።)

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ፤ እሱም ፕሮግራም ነው። ከውጭ የመጡ ልጆች ከባንድ የሚቀሩት በችሎታ ማነስ ሳይሆን ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤትሽ በቀን ሰባት ክፍለ ጊዜ ቢኖረው እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርትና ስፖርት አምስቱን ይወስዳሉ። ኢኤልዲ የሚባለው የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ካለብሽ ስድስተኛውን ይወስዳል። የምትቀርሽ አንዲት ናት። ባንድ ደግሞ እንደ ሂሳብ በየክፍለ ጊዜው አይሰጥም። አንዱ የባንድ ደረጃ ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ ብቻ ነው ያለው። ያቺ ሰዓት ከኢኤልዲሽ ጋር ከተጋጨች ኮምፒውተሩ ባንድን ይጥለዋል፤ የሚጠይቅሽም የለም። መስከረም ላይ የክፍለ ጊዜ ወረቀትሽን ስታይ ባንድ የነበረበት ቦታ ላይ ጠይቀሽው የማታውቂው ክፍል ተቀምጦ ታገኚዋለሽ።

ስለዚህ ቅጹን ሞልተሽ ብቻ አትቀመጪ። ካውንስለርሽን፣ ማለትም ኮርስ የሚደለድልልሽን የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ በአካል አግኝተሽ «ባንድ እንዳይወጣብኝ፤ ሌላው በዙሪያው ይደልደልልኝ» በያቸው። በክረምት ትምህርት ሊወሰድ የሚችል ግዴታ ኮርስ ካለ ጠይቂ፤ አንዱን በክረምቱ ዕረፍት ከጨረስሽ ቦታ ይለቀቅልሻል። የኢኤልዲ ደረጃሽ በፈተና የሚወሰን ከሆነም ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ እወቂ፤ ደረጃው ሲለወጥ ሰዓቱም ይለወጣል።

በዚያው ሳምንት ለሃይስኩሉ ባንድ ዳይሬክተር አጭር ኢሜይል ጻፊ። ስምሽን፣ መጪው ዘጠነኛ ክፍል መሆንሽን፣ ጀማሪ መሆንሽን በግልጽ ንገሪያቸው። ጀማሪነትሽን አትደብቂ፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ይታወቃል። ከዚያ የጀማሪዎች ክፍል እንዳለ፣ ከሌለ ደግሞ በክረምቱ ምን ብትለማመጂ እንደሚቀበሉሽ፣ ባንዱ የጎደለው መሣሪያ የቱ እንደሆነ ጠይቂ። የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሺ። ብዙ ዳይሬክተሮች በየዓመቱ አሥር ፍሉትና አሥር አልቶ ሳክስፎን ይመጣላቸዋል፤ እንደ ባሱን፣ ዩፎኒየም ወይም ቱባ ያሉትን ወፍራም ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎች የሚይዝ ግን ይጠፋል። «የጎደለውን እይዛለሁ» የምትል ጀማሪ ስትመጣ በሩን የማይከፍት ዳይሬክተር ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሳክስፎኑስ? አልቀማሽም። ግን ባሪቶን ሳክስፎን የሚባል አለ። ትልቁ፣ ድምፁ ወፍራሙ። የጣት አቀማመጡ ብዙው ልጅ ከሚይዘው አነስ ካለው አልቶ ጋር አንድ ነው፤ አልቶ የተማረ ሰው ባሪቶን ያነባል፣ ባሪቶን የተማረም አልቶ። ዳይሬክተሩ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በአልቶ ጀምሪ ሊሉሽ ይችላሉ፤ እሺ በያቸው። ባሪቶን የሚፈልግ ልጅ ብዙ አይደለም፣ ክብደቱ ያስፈራል። ዋጋው ውድ ስለሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ ኪራይ አትከፍይም። ከበሮ ስትመቺ የኖርሽ ልጅ ስለሆንሽ ባንድ ውስጥ ከታች ሆኖ ምቱን የሚይዘውን ክፍል ትወጂዋለሽ ብዬ እገምታለሁ። ምት መጠበቅና ከሌላው ጋር እኩል መሄድ ከበሮው አስተምሮሻል፤ ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። «እንግዲያውስ ከበሮ ክፍል ልግባ» እንዳትይ ግን። የዚያ ክፍል ወንበሮች ቀድመው የሚሞሉ ናቸው፤ ገብተሽም ዛይሎፎን የሚባለውን በዱላ የሚመታ የእንጨት መሣሪያ ኖታ እያነበብሽ መጫወት ይጠበቅብሻል።

የመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። ሙሉውን ሳክስፎን አይሰጡሽም። አፍ የሚገባውንና አንገቱን ብቻ ነው የሚሰጡሽ። ከሸምበቆ የተሠራች ሪድ የምትባል ስስ ቁራጭ አለች፤ መጀመሪያ በምራቅ ታርሺያታለሽ። የታችኛውን ከንፈርሽን በጥርስሽ ላይ እጥፍ ታደርጊና ትነፊያለሽ። የሚወጣው ድምፅ የዳክዬ ነው። ወንድምሽ በሳቅ ይሞታል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የከንፈርሽ ጥግ ይዝላል፤ ያኔ አቁሚ። በቀን ሃያ ደቂቃ እሑድ ላይ ከሚደረግ ሁለት ሰዓት እጅግ ይሻላል። አፓርታማ ከሆነ የምትኖሩት ከትምህርት ቤት እንደተመለስሽ፣ ጎረቤት ከሥራ ሳይገባ፣ ወንድምሽም መክሰሱን እየበላ ሳለ ተለማመጂ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቱ ሊሰጥሽ ካልቻለ ኪራይ አለ። ክላርኔት፣ ፍሉት ወይም ትራምፔት በወር ከ20 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ይከራያል፤ ሳክስፎን ከዚያ ይበልጣል። ብዙዎቹ ሱቆች የከፈልሽውን ኪራይ ለግዢ ያስቡልሻል። ምሳ በነፃ ወይም በቅናሽ የምትበዪ ከሆነ ለዳይሬክተሩ ወይም ለካውንስለሩ ንገሪ፤ ክፍያ የሚቀንሱበት መንገድ ሊኖራቸው ይችላል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ኢንተርኔት ላይ በመቶ ዶላር የሚሸጥ ስም የለሽ ሳክስፎን ግን አባትሽ ደስ ሊያሰኙሽ ብለው እንዳይገዙ። ቁልፉ ይጣመማል፣ መለዋወጫ የለውም፣ ጠጋኞቹም አይነኩትም።

ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለውን አስቀድመሽ እወቂ። የማታ ኮንሰርት ማርክ አለው። መኪና ስላላገኘሁ ቀረሁ ማለት ፈተና እንደመቅረት ነው የሚቆጠረው። የኮንሰርቶቹ ቀናት በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ይሰጣሉ፤ ያን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊና ለእናትሽ አሳዪ፣ ለእነዚያ ማታዎች ፈረቃ እንዲቀይሩ ወይም ወንድምሽን ይዘውት እንዲመጡ። በዓመት ጥቂት ማታ ነው።

ማርቺንግ ባንድ ሌላ ነገር ነው። እሱ በአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ እየተሰለፉ መጫወት ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ያስገድዳል፣ አንዳንዱ በፍላጎት ነው፤ ጠይቂ። የሥልጠናው ካምፕ ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ። ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። የምትጾሚ ከሆነ ምሳ ሳይበሉና ውኃ ሳይጠጡ በዚያ ሙቀት ከባድ መሣሪያ ተሸክሞ መሰለፍ ያስተኛል። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ለዳይሬክተሩም ከሰኔ በፊት ንገሪያቸው። ሌላ ልጅ በረመዳን የሚጾም አስተናግደው ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን፣ ግዴታ ካልሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመትሽ ማርቺንጉን ተዪው። ወንድምሽም አለ፣ እንግሊዝኛሽም አለ። አሥረኛ ክፍል ላይ ታገኚዋለሽ።

ዳይሬክተሩ ጀማሪ አንቀበልም ካሉሽ ሃይስኩሉ የጊታር ወይም የፒያኖ ክፍል እንዳለው እይ፤ እነዚያ ከዜሮ የሚጀምሩ ናቸው፤ ኖታ ያስተምሩሻል። ዋሽንግተን ውስጥም ከ1960 ጀምሮ የሚሠራ የወጣቶች ኦርኬስትራ ፕሮግራም አለ፤ ጀማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ክፍያቸውንና ስኮላርሺፓቸውን ጨምረሽ ጠይቂያቸው። ቅጹ ላይ ባንድን አንደኛ፣ ጊታርን ወይም ፒያኖን ሁለተኛ ምርጫ አድርገሽ ሙዪው፤ ሁለተኛውን ባዶ ከተውሽው ቦታውን የሚሞሉልሽ እነሱ ናቸው።